አጨብጭቦ መውጣት

መቼም አስተማሪ የነበረ ሰው አንድ የማይለቀው አባዜ አለበት፤ ሳይመልሳቸው ያለፋቸው የተማሪ ጥያቄዎች እንደ ቆየ ዕዳ ይከተሉታል። የመለሳቸውንማ ማን ያስታውሳቸዋል! እኔም ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ከቆየሁባቸው ዓመታት አንድ እንዲህ ያለ ዕዳ ተርፎኛል። ዛሬ ብዕር ያነሳሁት እሱን ልከፍል ብዬ ነው፤ ዋናውን ባይሆን ወለዱን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስለ አየርላንድ ትያትር እያስተማርኩ ነበር። የጆን ሚሊንግተን ሲንግን «ዘ ፕሌይቦይ ኦቭ ዘ ዌስተርን ዎርልድ» አንብበን ጨርሰን፣ ትያትሩ በጥር 1907 ዳብሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ያስነሳውን ብጥብጥ በስሜት እተርካለሁ (ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይሏል)። ተመልካቹ እንዴት እንደጮኸ፣ ፖሊስ እንዴት እንደተጠራ፣ ተዋንያኑ ድምፃቸው በጩኸት ተውጦ እንዴት ሳምንቱን እንደገፉት። «እንግዲህ ትያትርን የምር የሚወስድ ሕዝብ ማለት ይኼ ነው!» አልኩና ክፍሉን በኩራት ቃኘሁት። የጮኹት የእኔ ዘመዶች ይመስል።

ከኋላ ወንበር አንዲት ዝምተኛ ተማሪ እጇን አወጣች። «መምህር፣ እነዚህ ሰዎች የጮኹት ተሰደብን ብለው ነው። እውነተኛ ጉዳቸውን መድረክ ላይ ያዩ ቀንስ ምን አደረጉ?»

«ጥሩ ጥያቄ ነው» አልኳት። አስተማሪ «ጥሩ ጥያቄ ነው» ካለ መልሱን አያውቀውም ማለት ነው። ደግነቱ ሰዓቱ አለቀ። ሰዓት አንዳንዴ የአስተማሪ ባለውለታ ነው።

ጥያቄው ግን ቤቴ ድረስ ተከትሎኝ መጣ። እነሆ ስንት ዓመቱ፣ አሁንም አልሄደም። የልጅቷ ጥያቄ ላይ ላዩን ሲያዩት የታሪክ ጥያቄ ነው፤ ውስጡ ግን የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። አንድ ሰው እውነትን መድረክ ላይ አይቶ፣ አልቅሶና አጨብጭቦ ወደ ቤቱ ቢገባ፣ ያ ማየቱ ምን ያደርግለታል? ይልቁንስ ምን ያደርገዋል?

እስቲ ከጩኸቱ እንጀምር። አቢ ትያትር ዳብሊን ውስጥ በሩን የከፈተው በታኅሣሥ 1904 ነው። ባለቅኔው ዊልያም በትለር ዬትስ፣ ሌዲ ግሪጎሪና ሲንግ ከመሪዎቹ ነበሩ። አገሪቱ ያኔ በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር ናት። በእንግሊዝ መድረክ ላይ ደግሞ አይሪሽ ማለት ሰካራም፣ ለፍላፊ፣ ለጠብ የተፈጠረ ፍጡር ነበር። አቢ የታሰበው ይህን የውሸት ሥዕል ለመፋቅ ነው። ሕዝቡም «በገዛ መድረካችን ክብራችን ይመለስልናል» ብሎ ጠበቀ። ታዲያ ሲንግ ምን ይዞለት መጣ? አባቴን በመቆፈሪያ ፈንክቼ ገድዬ መጣሁ የሚል አንድ ጎረምሳና፣ ይህን ሰምቶ እንደ ጀግና የሚያሽሞነሙነው የገጠር መንደር! በዚያ ላይ በሦስተኛው ገቢር የሴት የውስጥ ቀሚስን የምትጠራ አንዲት ቃል ገባች። ቃሏ በዚያን ዘመን በጨዋ ሰው ፊት አትነሳም ነበር። አዳራሹ ተናጋ። ሌዲ ግሪጎሪ ስኮትላንድ ለነበረው ለዬትስ በቴሌግራም የነገረችውም ይህንኑ ነው፤ ታዳሚው በዚያች ቃል የተነሳ መበጥበጡን።

እንግዲህ ፍርደ ገምድል አንሁን። የሰዎቹ ቁጣ ከመሬት የበቀለ አይደለም፤ ለዘመናት ሲሳቅበት የኖረ ሕዝብ የገዛ ልጁ ሲስቅበት ቢቆጣ አይፈረድበትም። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። እየጮኹበት የነበረው ትያትር ስለነሱ፣ ስለተመልካቾቹ፣ የሚናገረውን አልሰሙትም። በትያትሩ መጨረሻ ሞተ የተባለው አባት ጭንቅላቱን በጨርቅ ጠምጥሞ በሕይወት ብቅ ይላል። ልጁም ዝናውን ለማዳን አባቱን በመንደርተኛው ፊት እንደገና ይመታዋል። ያን ጊዜ ያ ሁሉ አድናቂ ገመድ ይዞ ይነሳበታል። በሩቅ ሲሰማ ጀብዱ የነበረው ከደጃፍ ሲደርስ ወንጀል ሆነ። ሰው ወሬን ይወዳል፤ ድርጊቱ ግን ዓይኑ ሥር እንዲሆን አይፈልግም። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁለተኛው ታላቅ ጩኸት በየካቲት 1926 መጣ። አገሪቱ አብዛኛው ክፍሏ ከእንግሊዝ ተላቋል። አቢም ካለፈው ዓመት ጀምሮ ከመንግሥት ድጎማ ማግኘት ጀምሯል። የሾን ኦኬሲ «ዘ ፕላው ኤንድ ዘ ስታርስ» የ1916ቱን የፋሲካ ሰሞን አመፅ በድሆች መኖሪያ መስኮት ያሳያል። ጀግኖቹ ይፎክራሉ፣ ሚስቶች ያብዳሉ፣ ድሃው የተሰበረ ሱቅ ይዘርፋል፣ የአገሪቱ ባንዲራ ሴተኛ አዳሪ ካለችበት መጠጥ ቤት ይገባል። በአመፁ ወቅት ባሎቻቸውንና ልጆቻቸውን ያጡ ሴቶች ጭምር ተነስተው ተቃወሙ። ዬትስ መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን እንደ ልጅ ገሠጸ። እኔ ክፍል ውስጥ ሁልጊዜ የዬትስን ወገን ይዤ ነበር የማስተምረው። ዛሬ ሳስበው የነዚያ ሴቶች ሐዘን ቀልድ አልነበረም። ትክክል ባይሆኑ እንኳ ቢያንስ መድረኩ የሚላቸውን ከኑሯቸው አልለዩትም።

ይህ ሁለቱ ጩኸት የትያትር ታሪክ መጽሐፍ ሁሉ የሚያወራው ነው። ሦስተኛውን ምሽት ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። ምክንያቱም ሦስተኛው ላይ ጩኸት አልነበረም።

በ1961 አቢ ትያትር የሪቻርድ ጆንሰንን አንድ ትያትር አሳየ፤ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የምሰጠው የምስክርነት ቃል» እንደማለት ነው። ጸሐፊው የወረዳ ፍርድ ቤት ዳኛ ነው። ታሪኩም የችሎት ውሎ ነው። መነኮሳይያት በሚያስተዳድሩት የሕፃናት ማሳደጊያ ያለች አንዲት ልጅ ለጥቃቅን ጥፋት ትቀጣለች፤ ፀጉሯንም ለቅጣት ይላጫታል። ጠበቃው የማሳደጊያዋን ኃላፊ በመስቀለኛ ጥያቄ ሲያፋጥጥ፣ በጽድቅ ስም ምን ይሠራ እንደነበር ይወጣል። ልብ በሉ፣ በዚያ ዘመን ሕፃናት «የኢንዱስትሪ ትምህርት ቤት» ወደሚባሉት ተቋማት የሚላኩት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ነበር። እናም ዳኛው የሚጽፈውን ያውቃል። ችሎት ላይ የማይነገረውን ይዞ ወደ መድረክ ሄደ ማለት ነው።

ሕዝቡስ? ገባ፣ አየ። ትያትሩ ረዘም ላለ ጊዜ ታየ። የ1907 ዓይነት ግርግር አልተነሳም። በተቋማቱ ላይም ወዲያው የመጣ ነገር የለም። አጨብጭቦ ወጣ።

የቀረውን ታሪክ ዓመተ ምሕረቱ ራሱ ይናገራል። አንድ መንግሥታዊ ጥናት በ1970 እነዚህ ተቋማት እንዲዘጉ መከረ፤ መዘጋቱም ቀስ እያለ መጣ። የመንግሥት መሪ ለተጎጂዎቹ በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ1999 ነው። የአጣሪው ኮሚሽን ሪፖርት የወጣው በ2009 ነው፤ ድብደባና ማሸማቀቅ የተቋማቱ የዘወትር ሥርዓት እንደነበር፣ በወንዶቹ ማሳደጊያዎች ደግሞ የወሲብ ጥቃት ተስፋፍቶ እንደነበር በቅጾች ሙሉ ዘረዘረ። አገሩ ሁሉ «አናውቅም ነበር» አለ። አቢ ግን በ2010 መዛግብቱን ገልብጦ ያንን የ1961 ትያትር ከመደርደሪያ አወረደና በድጋሚ ለሕዝብ አሰማ። ትርጉሙ ግልጽ ነው። እንዴት አታውቁም? ትኬት ገዝታችሁ አይታችኋል እኮ!

ይህ ነው እንግዲህ ለተማሪዬ ያልመለስኩት መልስ። ለቀሚስ የጮኸ አዳራሽ ለሕፃን አጨበጨበ።

አንባቢዬ ሆይ፣ አየርላንዳውያንን ለመኮነን የተነሳሁ አይምሰልህ። በ1961 የነበረ አንድ ተራ ተመልካች ምን ማድረግ ይችል ነበር? ቤተ ክርስቲያኗ ኃያል ናት፣ መንግሥቱ ከእሷ ጋር ነው፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይፈራል። እኔ ራሴ በዚያ ወንበር ላይ ብሆን ከዚያ የተለየ አደርግ ነበር ብዬ አልምልም። እንዲያውም አልምልም የምልበት ምክንያት አለኝ።

ከዓመታት በፊት አንድ ትያትር አየሁ። ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሰቃይ ልጅ ታሪክ ነው። አለቀስኩ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው እስኪያየኝ ድረስ። በዚያው ሰሞን ከአጥራችን ወዲያ ካለው ግቢ ማታ ማታ የልጅ ለቅሶ ይሰማ ነበር። ባለቤቴ «ኧረ ይቺን ልጅ ገደሏት፣ ሄደህ አንድ ነገር በላቸው እንጂ» ትለኛለች። እኔም «ነገ» እላለሁ። ጎረቤት ናቸው፣ ዕድር አንድ ነን፣ የሰው ቤት ጉዳይ ነው። አንድ ማታ ለቅሶው ሲበረታ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግሁት። ከዚያ በኋላ ለቅሶው ቆመ፤ ልጅቷ ሄደች መሰለኝ። የት እንደሄደች አልጠየቅሁም። ትያትሩን ግን ለብዙ ሰው «እዩት፣ ልብ ይነካል» ብዬ መክሬያለሁ።

እንግዲህ እዚህ ላይ አርስቶትል ይምጣ። «ካታርሲስ» የምትለዋን ቃል ተማሪዎቼን ስንት ጊዜ አስጽፌያቸዋለሁ! ትራጄዲ በፍርሃትና በርኅራኄ ነፍስን ያጸዳል። መልካም። ግን ከምን ነው የሚያጸዳት? እኔ ያን ማታ ከትያትር ቤቱ ስወጣ ቀለል ብሎኝ ነበር። ደግ ሰው የሆንኩ መሰለኝ። አልቅሻለሁዋ! ለልጅቷ የሚገባትን ርኅራኄ መድረክ ላይ ላለችው ከፍዬ ጨረስኩና ለአጥር ማዶዋ ባዶ እጄን ቀረሁ። ትያትር የኅሊና ልብስ ማጠቢያ ሆኖ አገለገለኝ፤ ቆሻሻዬን ሰጥቼ፣ ንጹሑን ለብሼ ወጣሁ።

ልብስ ማጠቢያ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። አየርላንድ ውስጥ በማርያም መግደላዊት ስም የሚጠሩ ልብስ ማጠቢያ ቤቶች ነበሩ። ያለ ባል አርግዘው የተገኙ፣ «ትጠፋለች» ተብለው የተፈሩ፣ ከማሳደጊያ የመጡ፣ ወይም ዘመድ ያልፈለጋቸው ሴቶች ገብተው ያለ ደመወዝ የሰው አንሶላ ያጥቡ ነበር። መነኮሳይያት ያስተዳድሯቸዋል። ከ1922 እስከ 1996 ባለው ጊዜ ወደ 10 ሺህ ገደማ ሴቶች እንደገቡባቸው መንግሥት በ2013 ያወጣው ሪፖርት ያሳያል። ሥራውን የሚሰጡትም ሆቴሎች፣ ቤተሰቦች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ጭምር ነበሩ። አንሶላው ነጭ ሆኖ ተመልሶ ይመጣል። ማን እንዳጠበው የሚጠይቅ የለም።

ስለነሱም ትያትር ቀድሞ ተናግሯል። ፓትሪሺያ በርክ ብሮገን በወጣትነቷ ለምንኩስና ስትዘጋጅ ጎልዌይ ከተማ ከሚገኝ እንዲህ ያለ ቤት ተመድባ ያየችውን «ኢክሊፕስድ» በተሰኘ ትያትር አቀረበችው። በ1992 እዚያው ጎልዌይ ውስጥ ትንሽ መድረክ ላይ ታየ። በ1993 ዳብሊን ውስጥ አንድ ገዳም መሬቱን ሲሸጥ ከመቃብር የ155 ሴቶች አፅም ወጣ። የመጨረሻው ማጠቢያ ቤት የተዘጋው በ1996 ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር በምክር ቤት ቆሞ ይቅርታ የጠየቀው በየካቲት 2013 ነው። ከትያትሩ እስከ ይቅርታው ሃያ አንድ ዓመት።

በነዚህ ዓመታት መካከል ግን አንድ ነገር ተለወጠ፤ የዘመኑን የአየርላንድ ትያትር እንድወደው ያደረገኝም እሱ ነው። በ2011 «አኑ» የሚባል ቡድን በሉዊዝ ሎው አዘጋጅነት «ላውንድሪ» የተሰኘ ሥራ አቀረበ። የታየው በትያትር ቤት አይደለም፤ ዳብሊን መሐል ከተማ ባለውና በ1996 በተዘጋው በዚያው በእውነተኛው ማጠቢያ ቤት ውስጥ ነው። ሰው በጅምላ አይገባም፤ ጥቂት ጥቂት ሆኖ ይገባና ብቻውን ከተዋናይቱ ጋር ይፋጠጣል። መጋረጃ የለም፣ ጨለማ ውስጥ የሚደበቁበት ወንበር የለም። በር ትከፍትልሃለች፣ ዓይንህን ታይሃለች፣ ርዳታ ትጠይቅሃለች። እሺ ትላለህ ወይስ ዝም? ዝም ብትል ዝምታህን አንተው ታየዋለህ። እኔ ይህን ሥራ በንባብ እንጂ በዓይኔ አላየሁትም፤ እንዲህ ያለውን ትያትር በወረቀት ማወቅ ሠርግን በጥሪ ካርድ እንደማወቅ ነው። ነገር ግን ሐሳቡ ገብቶኛል። ሲንግ በ1907 የነገረንን ነገር ገልብጠውታል። ወሬው ሩቅ ሆኖ እንዳይጣፍጥ ተመልካቹን ራሱን ወስደው ከድርጊቱ ደጃፍ አቆሙት።

እዚህ ላይ አንድ ወዳጄ የሚለኝን አውቃለሁ። «ታዲያ ትያትር ሁሉ ፍርድ ቤት ይሁን ነው የምትለው? ሰው ሊዝናና አይሂድ? ቤኬት ማንን ከሰሰ?» ይለኛል። እውነቱን ነው። ሳሙኤል ቤኬት በ1953 ፓሪስ ላይ ባሳየው ትያትር ሁለት ሰዎች አንድ የማይመጣ ሰው ይጠብቃሉ፤ ማንም አልተከሰሰም፣ ሁላችንም ግን እዚያ ነን። ብራያን ፍሪል በ1990 አቢ ላይ ባሳየው «ዳንሲንግ አት ሉናሳ» አምስት ድሃ እህትማማቾች ሬዲዮ ሲከፈት ድንገት ተነስተው ይጨፍራሉ፤ ያ ጭፈራ ስብከት አይደለም፣ የታፈነ ዕድሜ ሲፈነዳ ነው። ማርቲን ማክዶና በ1996 ጎልዌይ ላይ ድሩይድ በተባለው ቡድን ባሳየው «ዘ ቢዩቲ ኩዊን ኦቭ ሊናን» አንዲት እናትና ልጅዋ እየተጠባበቁ ሲገዳደሉ ሰው በሳቅ ይፈርሳል። አዘጋጇ ጋሪ ሃይንዝ በዚሁ ሥራ በ1998 በአሜሪካ የቶኒን የአዘጋጅነት ሽልማት በማግኘት ከሴቶች ቀዳሚዋ ሆነች። እኔ የምለው ጸሐፊው ምን ይጻፍ አይደለም። ለጸሐፊ አለቃ መሾም የባሰ በሽታ ነው። እኔ የምጠይቀው ከወንበሩ ወገን ስለተቀመጥነው ነው።

ደግሞም ወንበሩ ሲነቃ ምን እንደሚሆን እዚያው አቢ ውስጥ ታይቷል። የ1916ቱ አመፅ መቶኛ ዓመት ሲቃረብ አቢ በጥቅምት 2015 «ሕዝብን መቀስቀስ» የሚል መንፈስ ያለው የበዓል ዝግጅት ይፋ አደረገ። ከ10 ትያትሮች በሴት የተጻፈው 1 ብቻ ነበር። ልብ በሉ፣ የ1916ቱ አዋጅ ሲጀምር ወንዶችንም ሴቶችንም ለይቶ ጠርቶ ነበር! የመድረክ ዲዛይነሯ ሊያን ቤል ዝም አላለችም። ሌሎችም ተከተሏት፤ እንቅስቃሴያቸውንም በዝግጅቱ ስም ላይ ተጫውተው «ፌሚኒስቶቹን መቀስቀስ» አሉት። በኅዳር ወር የአቢን አዳራሽ ጢም አድርገው ሞሉት፤ ሴት ጸሐፊዎች፣ አዘጋጆችና ተዋናዮች ተራ በተራ መድረክ ላይ ወጥተው ምን እንደደረሰባቸው ተናገሩ። የአቢ ኃላፊም ጥፋቱን አመነ።

ታሪኩ በዚያች ምሽት ቢያልቅ ኖሮ እኔም እዚህ ባላነሳሁት። ጥሩ ንግግር፣ ሞቅ ያለ ጭብጨባ፣ ከዚያ ቤት መግባት። ሴቶቹ ግን ከጭብጨባው በኋላ ቁጭ ብለው መቁጠር ጀመሩ። በ2017 በወጣው ጥናታቸው ከ2006 እስከ 2015 የ10 ድርጅቶችን ሥራ አንድ በአንድ ቆጠሩ። ከጸሐፊዎቹ ሴቶቹ 28 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። የባሰው ደግሞ፣ የመንግሥት ገንዘብ በብዛት የሚያገኙት ቤቶች ሴቶችን በብዛት የሚዘነጉት መሆናቸው ነው። ቁጥር ደረቅ ነው፣ አያስለቅስም። ለዚህ ነው የሚጠቅመው። ለቅሶ ማታውኑ ይደርቃል፤ ቁጥር ግን ጠዋት ሥራ ሲገባ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቅሃል። ከዚያ ወዲህ ታላላቆቹ ትያትር ቤቶች የእኩልነት ደንብ አውጥተው በይፋ ቃል ገብተዋል።

ስለ ትያትር ባለሙያው እንጀራም አንድ ነገር ልበል፤ የመድረክ ሰው ሆዱ ባዶ ከሆነ ስለ እውነት ማውራት ቅንጦት ነው። ከ2008ቱ የኢኮኖሚ ቀውስ በኋላ የአገሪቱ የሥነ ጥበብ ምክር ቤት በጀት ከ80 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ከነበረበት በ2014 ወደ 57 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ ነበር። ትናንሽ ቡድኖች ከሰሙ። በጥር 2019 ከ300 የሚበልጡ የትያትር ሰዎች ለሚኒስትሯ በግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ቅሬታቸው አቢ ራሱ የሚያዘጋጃቸው ሥራዎች አንሰው ከሌሎች ጋር የሚያቀርባቸውና በእንግድነት የሚቀበላቸው ስለበዙ፣ በብሔራዊው ትያትር ቤት ሥራ የሚያገኘው ተዋናይ ቀነሰ የሚል ነው። በ2022 ደግሞ መንግሥት 2 ሺህ የጥበብ ሰዎችን በዕጣ መርጦ በሳምንት 325 ዩሮ ይሰጥ ጀመር። «ይህን ጻፍ፣ ይህን አትጻፍ» የለበትም። በጥቅምት 2025 ይኸው ድጋፍ ዘላቂ እንደሚሆን ተገልጿል። የምክር ቤቱም በጀት ለ2025 ዓመት 140 ሚሊዮን ዩሮ ደርሷል። ገንዘብ ብቻውን እውነት አይወልድም፤ ሆኖም እውነት የሚናገረውን ሰው የቤት ኪራይ ይከፍልለታል። ከየካቲት 1926 ጀምሮ በመንግሥት ድጎማ ሕዝቡን የሚያስቆጣ መድረክ ማቆየት የዚያች አገር ትልቅ ልማድ ነው፤ አላቃልለውም።

ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ማየት ምን ያደርገናል? እኔ የደረስኩበት እንዲህ ነው። ያላየ ሰው «አላወቅሁም» ሊል ይችላል። ያየ ሰው ግን ምስክር ነው። ምስክርነት ደግሞ በፈቃደኝነት የሚጣልና የሚነሳ ካፖርት አይደለም፤ አንዴ ካዩ አዩ ነው። ዳኛው ለትያትሩ የመረጠው ርእስ ለዚህ ይመስለኛል ስለ ምስክርነት ቃል የሚናገረው። ያ ቃል የልጅቷ ወይም የጠበቃው ብቻ አልነበረም። የሚጠበቀው ከአዳራሹ ነበር፤ አዳራሹ ግን ቃሉን ሳይሰጥ በጭብጨባ ዘጋው።

ጭብጨባ ክፉ ነው አላልኩም። ተዋናይ ለፍቷል፣ ይገባዋል። ነገር ግን ጭብጨባ ደረሰኝ ነው፤ «ዕዳዬን ከፍያለሁ፣ ተለያይተናል» የምንልበት። የ1907ቱ ጯሂዎች ተሳስተው ነበር፤ ሆኖም መድረኩ ከእነሱ ጋር ጉዳይ እንዳለው ያውቁ ነበር። የ1961ዎቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ ጉዳዩ የነሱ መሆኑን ግን አላወቁም፣ ወይም ሊያውቁ አልፈለጉም። ከሁለቱ የቱ ትያትርን ያከብራል ብትሉኝ፣ አሁንም ለመመለስ ይቸግረኛል። የ2015ቶቹ ግን መንገዱን ያሳዩኝ ይመስለኛል፤ እነሱ ከጩኸቱም ከጭብጨባውም አልፈው በማግስቱ ሊቆጥሩ ተቀመጡ።

ያቺ ተማሪዬ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ምናልባት እሷም ቆማ ታስተምር ይሆናል፤ ምናልባትም ተማሪ ሲጠይቃት «ጥሩ ጥያቄ ነው» ትል ይሆናል። ብታነበኝ መልሴ ይኸው፦ ጉዳቸውን መድረክ ላይ ያዩ ቀን አጨበጨቡ፣ የእኔ ልጅ። ከዚያ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ፣ ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ጥቂቶች ከወንበራቸው ተነስተው አንቀመጥም አሉ። ያኔ ሳልመልስልሽ የቀረሁት መልሱን ስላላወቅሁ ብቻ አይመስለኝም። ጥያቄሽ ስለ አየርላንዳውያን ብቻ እንዳልነበረ ጠርጥሬ ነበር።

ያ የጎረቤቴ ግቢ አሁንም እዚያው አለ፤ አጥሩም እንዳለ ነው። ልጅቷ የት እንደሄደች እስካሁን አልጠየቅሁም። ይህን ጽሑፍ ስጨርስ ሄጄ ልጠይቅ አስቤያለሁ። «ነገ» እንዳልል ፈርቼ ነው እናንተን ምስክር ያደረግሁት።